የቤተ መድኃኔ ዓለም ዓምዶች
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ርእስ በላስታ፣ በላሊበላ ከተማ የሚገኘው የቤተ መድኃኔ ዓለም የውጭ ዓምዶች ናቸው። ይህን ሕንፃ የጎበኘ ሁሉ ዓምዶቹን አይቷል፤ ብዙው ሰውም አጠገባቸው ቆሞ ፎቶግራፍ ተነሥቷል። ነገር ግን ካያቸው ዓምዶች የሚበዙት ከአለቱ የተፈለፈሉ ሳይሆኑ፣ በ20ኛው ምዕተ ዓመት ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ በግንበኛ እጅ እንደገና የቆሙ መሆናቸውን ሳያስተውል የሚመለሰው ጥቂት አይደለም። ከአንድ አለት ተፈልፍሎ በመውጣቱ ዓለም ያደነቀው ሕንፃ፣ በዙሪያው ያለው የዓምድ ረድፍ በከፊል የግንብ ሥራ ነው። ይህ ነገር አንዳንዱን ጎብኚ ቅር ያሰኘዋል። በበኩሌ ግን ለሙያችን በላሊበላ ከሚታየው ሁሉ ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ስለ ጥገናው የተጻፉት ሰነዶች የሚበዙት በዚያ አቆጣጠር ስለ ሆኑ ነው።

ቤተ መድኃኔ ዓለም ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ወርዱ 23 ሜትር፣ ከፍታው 11 ሜትር ያህል ነው። ከ11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በግዝፈቱ የሚስተካከለው የለም። በአራቱም ማዕዘን ከተራራው በጥልቅ ጉድብ ተለይቶ ለብቻው የቆመ ሲሆን፣ ጣሪያው እንደ ቤት ክዳን ወደ ሁለት ወገን ያዘነበለ ነው፤ በላዩም ላይ ቅስቶች በተርታ ተቀርጸውበታል። ውስጡ በዓምድ ረድፎች ለ5 ይከፈላል፤ መካከለኛው ክፍል ከጎንና ከጎኑ ካሉት ይልቅ ከፍ ያለና ጠፈሩ እንደ በርሜል የጎበጠ ነው። ከ5ቱ ክፍሎች ጀምሮ ነገሩን ላስረዳ፤ ምክንያቱም ይህ የ5 ቁጥር ወደ ሌላ ከተማና ወደ ሌላ ካቴድራል ይመራናል።

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን ቆይቶ አክሱምንም ላሊበላንም አይቷል፤ ጽሑፉም በ1540 በሊዝቦን ታትሟል። የአክሱም ጽዮንን ቤተ ክርስቲያን ሲገልጽ በውስጧ ለ5 የተከፈለች፣ ርዝመቷም ስፋቷም ታላቅ የሆነች ሕንፃ መሆኗን ይነግረናል። አልቫሬዝ ካያት ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1535፣ በኢማም አሕመድ ዘመቻ ጊዜ ያች ካቴድራል ጠፋች። በ17ኛው ምዕተ ዓመት ዐፄ ፋሲለደስ በዚያው ጥንታዊ መደብ ላይ፣ በስፋቷ ከቀድሞዋ የምታንስ፣ አናቷ እንደ ግንብ ጥርስ የወጣላትን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። በ1960ዎቹ ደግሞ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጉልላት ያለውን ሰፊውን አዲስ ሕንፃ በአጠገቧ አስመርቀዋል። ስለዚህ አክሱም ጽዮን ብለን በአንድ ስም የምንጠራት ካቴድራል በየዘመኑ እየተሠራች የመጣች ናት፤ ከጥንቷ ሕንፃ ለዓይን የቀረው መደቡና ደረጃው ነው።

የጥንቷ ጽዮን መልክ ምን እንደ ነበረ ለማወቅ የፈለጉ ሊቃውንት ታዲያ ወዴት ሄዱ? ወደ ላስታ ነው የሄዱት። ዴቪድ ቡክስተንና ዲሬክ ማቲውስ የተባሉት እንግሊዛውያን በ1970ዎቹ የጠፉትን የአክሱም ሕንፃዎች በወረቀት ላይ መልሰው ለመንደፍ በተነሡ ጊዜ፣ ዋና ምስክር ያደረጓቸው ከአለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት ነበር። ባለ 5 ክፍሉ ቤተ መድኃኔ ዓለም የአክሱም ጽዮንን አርአያ ይዞ እንደ ተሠራ ብዙ ተመራማሪዎች ይስማማሉ። ይህ ከሆነ ዘንድ፣ ከ12ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ እስከ 13ኛው መጀመሪያ የነገሠው ንጉሥ ላሊበላ ያሠራው ሕንፃ ራሱ በሌላ ቦታና በሌላ ቁስ እንደገና የተሠራ ካቴድራል ነው ማለት ነው። ዋናዋ ተቃጥላ ግልባጯ ቀረች። በላስታ አንድ ዓምድ ሲሰነጠቅ የሚጠፋው የላስታ ቅርስ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የአክሱም ግንበኛ የሚሠራው በድንጋይና በእንጨት ነበር። ከግድግዳው መካከል አግዳሚ እንጨት ያስገባል፤ እርሱን የሚያስሩት አጫጭር ግንዶች ጫፋቸው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ይህንንም ጫፍ የዝንጀሮ ራስ እንለዋለን። ይህን አሠራር በሕይወት ለማየት የሚፈልግ ሰው ከላሊበላ ወደ ሰሜን ወጥቶ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ አካባቢ በዋሻ ውስጥ ወደ ቆመችው ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ይሂድ። በኖራ የነጣው ግንብና የጠቆረው እንጨት እየተፈራረቁ እንደ ጥለት ሲታዩ ያያል። እንጨት እንደዚህ ያለ ዕድሜ ማግኘቱ ለምንድን ነው ቢሉ፣ መልሱ ከራሱ ላይ ያለው የዋሻው ጠፈር ነው፤ ዝናብ አይነካውም። በላሊበላ ቤተ አማኑኤል ደግሞ ይኸው የእንጨትና የድንጋይ ፍርርቅ ቅርጹ ብቻ ተጠብቆ ከአንድ ወጥ አለት ተፈልፍሎ ይገኛል። ጠራቢው ለመሸከም የማያስፈልገውን አግዳሚ በድንጋይ ላይ ቀረጸ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ከንቱ ጌጥ ይሉታል። እኔ አልስማማም፤ ሰው የሚያከብረውን ሕንፃ ሲገለብጥ የትኛው ክፍል ሸክም እንደሚችልና የትኛው እንደማይችል አይመርጥም።

ከእንጨትና ከድንጋይ የተሠራ ሕንፃ ሲጎዳ መጠገኛ መንገድ አለው። በትግራይ የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ይህን ያሳያል፤ በ1948 አስቀድሜ የጠቀስሁት ማቲውስ ሲጠግነው፣ የበሰበሰውን እንጨት በሌላ እንጨት፣ የፈረሰውን ግድግዳ በዚያው ዓይነት ግንብ መተካት ይቻለው ነበር። ሕንፃው ከመጀመሪያውም ከብዙ ቁራጭ የተሰበሰበ ነውና አንዱ ቁራጭ ቢለወጥ ባሕርዩ አይለወጥም። ውቅር ሕንፃ ግን መጋጠሚያ የለውም። ጠራቢው ከላይ ወደ ታች ስለ ሠራ ጣሪያውን አስቀድሞ ጨርሷል፤ መሠረቱን በመጨረሻ አውጥቷል። መሮው አንድ ጊዜ ያነሣውን ድንጋይ መልሶ የሚያስቀምጥበት መንገድ አልነበረውም። ገድሉ መላእክት በሥራው ይራዱ እንደ ነበር ይተርካል፤ የመሠረት ንድፍ ሳይጸድቅ ጣሪያ አንጀምርም የምንል የዛሬ መሐንዲሶች በዚህ ትረካ ለመሳቅ የምንቸኩል አይመስለኝም።

እንግዲህ ወደ ዓምዶቹ እንመለስ። ከአለት የተፈለፈለ ዓምድ አልተተከለም፤ ዙሪያው ሲነሣ እርሱ ቀረ። ከላዩ ካለው ክፈፍ ጋር አንድ አካል ነው። እንዲህ ያለው ዓምድ ከሥሩ ውኃ በልቶት ቢወድቅ፣ ክፈፉ ወዲያው ተከትሎት አይወድቅም፤ ከግድግዳው ወጥቶ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጭነቱም መንገዱን ይለውጣል። ቀድሞ በዓምዱ በኩል ወደ መሬት ይወርድ የነበረው ክብደት አሁን በክፈፉ ሥር በኩል ወደ ግድግዳው ይዞራል፤ በክፈፉ የላይኛው ገጽም የመሳብ ኃይል ይፈጠራል። አለት ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡት ግን ደካማ ነው። ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ በስንጥቁም ውኃ ይገባል።

በወደቀው ፈንታ አዲስ ዓምድ ሲቆም ብዙ ሰው ጭነቱ ወደ ቀድሞ ቦታው የተመለሰ ይመስለዋል። አልተመለሰም። ክፈፉ ክብደቱን ወደ ግድግዳው ካዞረ በኋላ የተገነባ ዓምድ ምንም ሳይሸከም ሊቆም ይችላል። ሥራ የሚጀምረው ክፈፉ ጥቂት ሚሊሜትር የወረደ እንደ ሆነ ነው፤ አለዚያም ገንቢው በመጨረሻው ድንጋይና በክፈፉ መካከል ሽብልቅ አግብቶ ሆነ ብሎ ያስጨነቀው እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ የቤተ መድኃኔ ዓለም ግንብ ዓምዶች ሁለት ሥራ አላቸው፤ አንደኛው የሕንፃውን መልክ መመለስ፣ ሁለተኛው ክፈፉ ቢደክም ለመቀበል ተዘጋጅቶ መጠበቅ። ሁለተኛውን ሥራ በሚገባ መሥራት አለመሥራታቸው በዓይን አይታወቅም፤ መለካት ያስፈልጋል።

የዓምዶቹ ጠላት ማን እንደ ሆነ ከተናገርሁት ሳትረዱት አልቀራችሁም። የጣሪያው ስፋት ወደ 760 ካሬ ሜትር ይጠጋል። በዚህ ላይ 1 ሴንቲሜትር ዝናብ ቢወርድ 7,600 ሊትር ውኃ ነው፤ የላስታ የሐምሌ ዝናብ ደግሞ 1 ሴንቲሜትር አውርዶ የሚያቆም አይደለም። ጥንታውያኑ ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ጣሪያውን አዝንብለውታል፤ የጉድቡን ወለል ተዳፋት አድርገው ውኃው ወደ ውጭ የሚወጣበትን ቦይ ቆፍረውለታል። አለቱ ራሱ ቀላ ያለ፣ ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። መሮ ለማስገባት የሚመች ለስላሳ በመሆኑ ይህን ሁሉ ማነጽ ተቻለ፤ በዚያው ለስላሳነቱም ይጎዳል። በውስጡ ውኃ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር የሸክላ ባሕርይ ያለው ማዕድን አለ። ክረምት በመጣ ቁጥር ያብጣል፣ በጋ በመጣ ቁጥር ይኮማተራል፤ ይህ ከ800 ጊዜ በላይ የተደጋገመ እንደ ሆነ ገጹ እየተላጠ መርገፉ አያስደንቅም። በቤተ መርቆሬዎስ ጉዳቱ ከመላጥ አልፎ የሕንፃው አንድ ክፍል ተንዶ በግንብ እስከ መተካት ደርሷል።

ውኃን ለመከላከል በ20ኛው ምዕተ ዓመት የተደረገው ትግል ለኛ ሙያ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። በ1950ዎቹ በተደረገው ጥገና የአብያተ ክርስቲያናቱ ገጽ ሬንጅ ተቀባ፤ በላዩም ቀይ ቀለም ተደረገበት። ሐሳቡ ቀና ነበር፤ ውኃ እንዳይገባ መዝጋት። ነገር ግን አለቱ ውኃ የሚያገኘው ከላይ ብቻ አይደለም። ከመሬት የሚሳበው እርጥበት ወደ ገጹ መጥቶ መውጫ ሲያጣ ከቅቡ ጀርባ ይጠራቀማል፤ የአለቱንም ቆዳ ከነቅቡ ይገፈዋል። በ1966 ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ በዓለም አቀፉ የሐውልቶች መርጃ ድርጅት አማካይነት ሥራ በጀመረ ጊዜ፣ ከዋና ዋና ተግባሮቹ አንዱ ያንን ሬንጅ ማንሣት ነበር። ከአለት ላይ ሬንጅ መፋቅ ከመቀባት እጅግ የከበደ ሥራ ነው። አንድ ቁስ ወደ ጥንታዊ ሕንፃ ከመግባቱ በፊት «በምን ይወጣል?» ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ሬንጁ ከመነሣቱ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1964፣ የቬኒስ ቻርተር በጥገና የሚጨመር ክፍል ከጥንቱ ጋር ተስማምቶ፣ ነገር ግን ተለይቶ እንዲታወቅ ሆኖ እንዲሠራ ደንግጎ ነበር።

ሲሚንቶም የሬንጅ ታናሽ ወንድም ነው። በአንድ የአገራችን ከተማ፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ አሮጌ የድንጋይ ግድግዳ በሲሚንቶ ተሞልቶ ከጥቂት ክረምት በኋላ አይቻለሁ። መጋጠሚያው ሲሚንቶ እንደ ወንፊት ክር ጎልቶ ቆሟል፤ በየመካከሉ የነበረው ድንጋይ ግን ወደ ውስጥ ተበልቷል። ሲሚንቶው ምንም አልሆነም። ይኸው ነው ጥፋቱ፤ ከድንጋዩ የጠነከረ መሙያ እርጥበቱን ሁሉ ወደ ድንጋዩ ይገፋል፤ ጨውም ከራሱ ይጨምርበታል። በኖራ የተሠራ መሙያ ግን ከድንጋዩ ደከም ያለ ስለ ሆነ አስቀድሞ የሚያልቀው እርሱ ነው። በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል፤ ይህም ለሥራ ተቋራጭ የማያስደስት ጠባይ ነው። በትምህርት ቤት የጥንካሬን ቁጥር ከፍ ማድረግ የተማርን እኛ፣ ሆነ ብለን ደካማ ቁስ እንድንመርጥ ስንጠየቅ ግር ይለናል። በላሊበላ ግን ትክክለኛው መልስ እርሱ ነው። በኋላ ዘመን በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና በቤተ ጎልጎታ ወሚካኤል የተደረገው ጥገና ይህን መንገድ የተከተለ፣ ስንጥቅ በስንጥቅ እየታየ የተከናወነ ሥራ ነው። ለፎቶግራፍ የሚበቃ ግርማ የለውም፤ ለእኔ ግን በላሊበላ በዘመናችን ከተሠራው ሁሉ የላቀው እርሱ ነው።

ስለ መጠለያዎቹ ሳልናገር ብወርድ ታዝኑብኛላችሁ። በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በብረት ምሰሶ ላይ የተወጠሩ ሰፋፊ ክዳኖች ቤተ መድኃኔ ዓለምን ጨምሮ በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ቆሙ። ለጊዜው እንዲያገለግሉ የታሰቡ ነበሩ፤ ከ10 ዓመት በላይ ግን ቆይተዋል። ዝናቡን በእርግጥ ከልክለዋል። ይሁን እንጂ ሌላ ጥያቄ አመጡ። የምሰሶዎቹ እግር ያረፈው በዚያው በተሰነጣጠቀው አለት ጠርዝ ላይ ነው፤ ነፋስ ሰፊውን ክዳን ሲያነሣና ሲጥል ኃይሉን የሚቀበለው እርሱ ነው። ከክዳኑ በታች ያለው አለት ክረምትም በጋም መድረቁ በሸክላ ማዕድኑ ላይ ምን እንደሚያመጣ ሊቃውንቱ ይከራከራሉ። በ2018 የከተማው ሕዝብ መጠለያዎቹ ሳይወድቁብን ይነሡልን ብሎ ሰልፍ ወጣ፤ በመጋቢት 2019 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ላሊበላን ጎብኝተው ለጥገናው ርዳታ ቃል ገቡ። በ2021 ደግሞ ጦርነቱ ወደ ከተማው ደረሰ።

የካህናቱን ስጋት እንደ አላዋቂ ሰው ስጋት የሚቆጥሩ ባለሙያዎች አጋጥመውኛል። ይህን አልቀበልም። ካህኑ በዚያ ሕንፃ ውስጥ በሌሊት ይቆማል፤ ብረቱ በነፋስ ሲጮህ የሚሰማው እርሱ እንጂ እኛ አይደለንም። በሌላ ወገን ደግሞ መጠለያው ነገ ይነሣ ማለትም ቀላል መልስ አይደለም። ለዓመታት ደርቆ የቆየ ጣሪያ፣ ስንጥቁ ሳይደፈን፣ የሐምሌን ዝናብ በአንድ ቀን ቢቀበል ጉዳቱ ከቀድሞው ሊብስ ይችላል። በእኔ አስተያየት ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው፦ አስቀድሞ የጣሪያው ስንጥቆችና የጉድቦቹ ቦዮች ይጠገናሉ፤ ቀጥሎ ክዳኑ በጥንቃቄ፣ ክፍል በክፍል ይነሣል፤ በመጨረሻም በየዓመቱ ከክረምት በፊት ኖራውን የሚያድስ ቋሚ የአካባቢ ሠራተኛ ይመደባል። ሌላ ትልቅ ክዳን በተሻለ ብረት ለመትከል የሚቀርብ ሐሳብ ካለ፣ ምንም ያህል ያማረ ንድፍ ቢሆን የምቃወመው ነኝ።

ሰው የሚጨምረውን ጭነትም አንርሳ። በገና ዕለት ካህናቱ በቤተ ማርያም ጉድብ አፋፍ ላይ ቆመው ቤዛ ኩሉ ሲዘምሩ፣ ሕዝቡም ዙሪያውን ሞልቶ ሲቆም፣ የጠርዙ አለት በዓመት ውስጥ ካለው ሸክም ሁሉ የሚበልጠውን ይሸከማል። ይህን ሸክም ቀንሱ የሚል መሐንዲስ የሕንፃውን አገልግሎት አልተረዳም፤ ሕንፃው የተፈለፈለው ለዚያ ቀን ነው። ሥራችን ጠርዙ ለዚያ ቀን እንዲበቃ ማድረግ ነው።

ስለ ግንቦቹ ዓምዶች የቀረ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይፍረሱ ወይስ ይቆዩ? አንዳንዶች በአንድ ወጥ አለት ላይ የተቀጠለ ግንብ ሐሰት ነው ይላሉ። መጋጠሚያው ቀረብ ብሎ ለሚያይ ሰው የሚታይ እስከ ሆነ ድረስ ሐሰት አይመስለኝም፤ የቬኒስ ቻርተርም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የሚያሳስበኝ መጋጠሚያው የተሞላበት ቁስና ከላይ ከክፈፉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። በእያንዳንዱ ዓምድ አናት ሲሚንቶ ያለው እየታየ በኖራ ሊለወጥ፣ ክፍተት ያለውም በሽብልቅ ሊጠበቅ ይገባል። ለዚህ ሥራ የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም።

ለመለካትም ቢሆን እንዲሁ። በስንጥቁ ግራና ቀኝ በኖራ የተለጠፈ ቀጭን የመስተዋት ቁራጭ አለቱ ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል፤ የተሰበረበት ቀን ከተጻፈ መዝገብ ይሆናል። ከአባሎቻችን መካከል ፈቃደኛ የሆኑ ጥቂት መሐንዲሶች፣ የደብሩንና የቅርስ ጥበቃውን መሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቀው፣ ከሰኔ መግቢያ አስቀድመው መስተዋቱን በዓምዶቹ አናት ላይ ቢለጥፉ፣ በየሳምንቱ የሚያዩትና ቀኑን የሚመዘግቡት እዚያው የሚያገለግሉት ዲያቆናት ሊሆኑ ይችላሉ። ለአንድ ክረምት የሚያስፈልገው መስተዋት ከአንድ አሮጌ መስኮት ይወጣል።